የሌጋል ወጥመድ፦ ንግሥቱን አስበልቶ በ7 እርምጃ ማት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰፈራችን ልጆች ጋር ቼስ እንጫወታለን። ስለዚህ ወጥመድ ያልጠየቀኝ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ዩቲዩብ ላይ አይቶት ይመጣል፣ አንዳንዱ ተበልቶበት ይመጣል፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት በቴሌግራም የሚጠይቁኝም አሉ። ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ ከመጻፍ አንድ ቦታ ሰብሰብ ላድርገው ብዬ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። የቦርዱን ፊደላት እዚህ በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው። በነጭ በኩል ስትቀመጡ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው። ቁጥሮቹ ከነጭ በኩል ከ1 ተነሥተው ጥቁር ጋ 8 ይደርሳሉ። ቦርድ ካላችሁ አውጡና እየደረደራችሁ አንብቡ፣ በዓይን ብቻ ሲነበብ ያደክማል።

ይሄ ወጥመድ በአጭሩ ምንድን ነው?

ነጭ ንግሥቱን ያስበላል። ከዚያ በሁለት ፈረስና በአንድ ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደው ዕቃ) ብቻ ጥቁርን ማት ያደርጋል፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ያሸንፋል።

የነገሩ ልብ ያለው ፈረሱ ላይ ነው። የጥቁር ቢሾፕ ጂ4 ላይ መጥቶ ኤፍ3 ላይ የቆመውን የነጭ ፈረስ ያስረዋል። ፈረሱ ከተነሣ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትበላለች። ስለዚህ ጥቁር «ይሄ ፈረስ የትም አይሄድም» ብሎ ይዘናጋል። ግን ከብት ያሰረ ሰው ያውቀዋል፣ ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ፈረሱ ከንጉሡ ፊት ታስሮ ቢሆን ሕጉ ራሱ አያስነሣውም። ከንግሥት ፊት ሲታሰር ግን መነሣት ይችላል፣ ዋጋ ያስከፍላል እንጂ ክልክል አይደለም። ሌጋል የሚባለው ሰው ያየው ይሄንን ነው፤ ንግሥት ብትሄድም ዋጋው እንደሚያዋጣ።

እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል ንገረን

1. ነጭ ወታደር ኢ4፣ ጥቁር ወታደር ኢ5።
2. ነጭ ቢሾፕ ሲ4፣ ጥቁር ወታደር ዲ6።
3. ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ቢሾፕ ጂ4። (ፈረሱ ታሰረ።)
4. ነጭ ፈረስ ሲ3፣ ጥቁር ወታደር ጂ6።
5. ነጭ በኤፍ3 ፈረሱ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በላ፣ ጥቁር በቢሾፑ ዲ1 ላይ ንግሥቷን በላ።
6. ነጭ ቢሾፕ ኤፍ7ን በላ፣ ቼክ (ንጉሡን ልበላህ ነው አለው)። ጥቁር ንጉሥ ኢ7።
7. ነጭ ፈረስ ዲ5። ማት።

የ2ኛውና የ3ኛው እርምጃ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥ ችግር የለውም፤ ፈረስ ቀድሞ ቢወጣም ቢሾፕ ቀድሞ ቢወጣም ቦርዱ ላይ የሚታየው ያው ነው።

ለምንድን ነው ማት የሆነው? ንጉሡ አንድ ቀዳዳ እንኳ የለውም?

የለውም። ልጆቹን ሁሌ በጣት እያስነካሁ ነው የማስቆጥራቸው፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ንጉሡ ኢ7 ላይ ነው። በዙሪያው ስምንት ቤት አለ። ዲ8 ላይ የራሱ ንግሥት፣ ኤፍ8 ላይ የራሱ ቢሾፕ፣ ዲ6 ላይ የራሱ ወታደር ቆመዋል፤ ሦስቱን መውጫ የዘጉበት የራሱ ሰዎች ናቸው። ኢ8ንና ኢ6ን ኤፍ7 ላይ ያለው የነጭ ቢሾፕ ይጠብቃል። ዲ7ን ኢ5 ላይ ያለው ፈረስ ይዞታል። ኤፍ6ን አሁን ዲ5 የደረሰው ፈረስ ይዞታል። ቢሾፑን ራሱን ኤፍ7 ላይ ልብላው ቢል ደግሞ የኢ5 ፈረስ ከኋላ አለለት። አለቀ።

6ኛው እርምጃ ላይም ንጉሡ ምርጫ አልነበረውም። ከኢ7 ሌላ መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ንግሥቷን ከበላ በኋላ ጥቁር ማምለጫ አልነበረውም ማለት ነው። ጥፋቱ አንድ እርምጃ ላይ ነው ያለው፣ ንግሥቷ ላይ እጁ ሲዘረጋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ልዩነቱ ጥቁር ለመልቀም እንኳ ጊዜ የለውም።

እኔ የተበላሁበትን ቀን አልረሳውም። ጉም ጣርማ በርን ዘግቶት ደብረ ሲና ላይ መኪና ቆሞ ነበር። አንድ የማላውቀው ተሳፋሪ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ፣ ከቦርሳው ትንሽዬ ማግኔት ያላት ቦርድ አወጣና «ትችላለህ?» አለኝ። ሻይ እየጠጣን ጀመርን። ንግሥቱን ክፍት ሲተዋት ልቤ ዘለለ። ከማንሣቴ ፍጥነት የተነሣ ጎን ያለው ወታደር ማግኔቱ ይዞት አብሮ ወጣ። ሰውየው ዝም ብሎ ወታደሩን ቦታው መለሰልኝ፣ ኤፍ7ን በላ፣ ቼክ አለኝ። ከዚያ ፈረሱን ዲ5 ላይ አስቀምጦ ሻዩን አነሣ። እኔ ግን ኢ8፣ ኤፍ6፣ ዲ7 እያልኩ መውጫ ስፈልግ ቆየሁ። መኪናው ሊሄድ ነው ተብሎ ሲጠራን ገና እየፈለግኩ ነበር።

ሌጋል ማን ነው?

ፈረንሳዊ ነው፣ ከብሪታኒ አካባቢ የሆነ መኳንንት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1702 ተወልዶ በ1792 ነው የሞተው፣ ዘጠና ዓመት ኖረ ማለት ነው። የሚጫወተው ፓሪስ ውስጥ ካፌ ደ ላ ሬዣንስ በሚባል ቡና ቤት ነበር። ያ ቡና ቤት በዘመኑ የቼስ ተጫዋቾች ሁሉ መሰብሰቢያ ነበር፣ ደራሲውም ፈላስፋውም እዚያ ይገኝ ነበር።

ግን ሌጋልን ትልቅ ያደረገው ሌላ ነገር አለ። የፊሊዶር አስተማሪ ነበር። ፊሊዶር (1726–1795) በ18ኛው መቶ ዘመን የዓለም ቁንጮ የተባለው ተጫዋች ነው፣ ኦፔራ የሚደርስ ሙዚቀኛም ነበር። ሲጀምሩ ሌጋል አንድ ሩክ (በቀጥታ መስመር የሚሄደውን ዕቃ) ከራሱ ቀንሶ ነበር የሚያጫውተው። በኋላ ልጁ እኩል ሆነ፣ በ1755 ተገናኝተው ሲጫወቱ ደግሞ ተማሪው አሸነፈ። ያሳደጉት ልጅ ሲበልጥ ማየት ለአስተማሪ ምን እንደሚመስል ያስተማረ ሰው ያውቀዋል።

ከሌጋል እጅ በጽሑፍ ተመዝግቦ የደረሰን ጨዋታ ግን ይሄ አንዱ ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን ተጫውቶ የቀረው ሰባት እርምጃ ነው። ተጋጣሚው ሴንት ብሪ ይባላል፣ ዓመቱ ብዙ ቦታ 1750 ተብሎ ይጻፋል። እኛ ጋ ያኔ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር የነገሡበት ዘመን ነው።

ሌጋል ይሄንን ጨዋታ አንድ ሩክ ጎድሎት ነው የተጫወተው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ጨዋታው የሚተላለፈው እንደዚያ ተብሎ ነው። ኤ1 ላይ ያለውን ሩክ ከመጀመሪያው አንሥቶ ነው የተቀመጠው። በዘመኑ ጎበዙ ለደካማው ዕቃ ቀንሶ መጫወት የተለመደ ነበር፣ ካልሆነማ ጨዋታው አይጥምም።

ይሄ ታሪክ ለእኛ በጣም ተመችቶናል። የኛ ቦርድ ነጭ ሩክ አንዱ ከጠፋ ቆይቷል፣ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ ነው የምናስቀምጠው። የሌጋልን ጨዋታ የምናሳይ ቀን ቆርኪውን ራሱ እናነሣዋለን። ልጆቹ «ጋሼ፣ ሩክ ጎደለ» ሲሉኝ «ሌጋልም ጎድሎት ነበር» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው በደንብ የሚያዩት፣ ምክንያቱም ያ ሩክ አንድም ቦታ አያስፈልግም። ሰባቱን እርምጃ ስትከተሉ ኤ1ን የሚነካ ነገር የለም።

ፈረሱን ነክቶ እጁን መለሰ የሚባለውስ?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሌጋል የታሰረውን ፈረስ ነካና፣ መታሰሩን አሁን ገና ያየ መስሎ እጁን መለሰ። ሴንት ብሪ «የነካኸውን ማንቀሳቀስ አለብህ» አለው። ሌጋልም ተገድዶ እንደሚጫወት ሰው በፈረሱ ኢ5ን በላ፣ ሰውየውም ሳያመነታ ንግሥቷን ወሰደ። ይሄ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ ነው፣ እንደ ወሬ ነው የማወራው።

«እኛስ እንደዚያ ብናደርግ?» የሚሉኝ አሉ። አታድርጉ። የነኩትን የማንቀሳቀስ ሕግ ዛሬም በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን ደንብ ውስጥ ያለ ነው፤ አስቦበት የነካ ሰው፣ ሕጉ የሚፈቅድለት እርምጃ ካለ፣ የነካውን ማንቀሳቀስ ግዴታው ነው። ዕቃውን ማስተካከል ብቻ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ትወና ግን ጨዋታውን ያረክሰዋል ባይ ነኝ። ወጥመዱ ያለ ትወናም ውብ ነው፣ ቦርዱ ላይ ሁሉም ነገር ተጋልጦ ነው የሚታየው፤ ማየት የጥቁር ፋንታ ነው።

ጥቁር ንግሥቷን ባይበላስ?

ያኔ ነጭ አንድ ወታደር አትርፎ ይቀጥላል። ጥቁር በዲ6 ወታደሩ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስ ቢበላ፣ ነጭ በንግሥቱ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይበላል። ፈረስ በቢሾፕ ተለዋወጡ፣ ላዩ ላይ አንድ ወታደር የነጭ ትርፍ ሆነ። ለዚህ ነው ይሄንን ወጥመድ የምወደው። ጥቁር ባይገባበትም ነጭ አይከስርም። አብዛኞቹ ወጥመዶች እንደዚህ አይደሉም፣ ተጋጣሚ ካወቃቸው ዕዳ ይዘው ነው የሚቀሩት።

እኔ ሞክሬው ፈረሴን በነፃ ተበላሁ። ምን አጥፍቼ ነው?

በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ሰው እርምጃውን ይሸመድድና ጥቁር የት ምን እንዳስቀመጠ ሳያይ ኢ5 ላይ ይዘላል።

መጀመሪያ የምታዩት ሲ6ን ነው። እዚያ የጥቁር ፈረስ ካለ ተዉት። ኢ5ን ስትበሉ ያ ፈረስ መልሶ ይበላችኋል፣ ኢ5 ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ጂ4 ላይ ላለው ቢሾፕ ዘብ ይሆንለታል። ንግሥታችሁ ቢሾፑን ልብላ ብትል ትበላለች። በአንድ ወታደር ምትክ አንድ ፈረስ ሄደ፣ ያውም በነፃ።

ቀጥሎ ኤፍ6ን እዩ። የጥቁር ፈረስ እዚያ ከወጣም አይሆንም። ከዚያ ሆኖ ጂ4ንም ዲ5ንም ይጠብቃል። የመጨረሻው ፈረሳችሁ ዲ5 ላይ ሲደርስ ማት መሆኑ ይቀርና ይበላል፣ ንግሥታችሁም ከሄደች ቆይታለች።

ጥቁር ሲ6 ላይ ፈረስ ሲያወጣ የሚሠራ ሌላ መንገድ ግን አለ። እንዲህ ነው፦ ኢ4፣ ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፤ ቢሾፕ ሲ4፣ ወታደር ዲ6፤ ፈረስ ሲ3፣ ቢሾፕ ጂ4። አሁን ነጭ ወታደሩን ኤች3 ይገፋና ቢሾፑን «ወይ ብላ ወይ ሂድ» ይለዋል። ቢሾፑ እስሩን ላለመልቀቅ ኤች5 ላይ ካፈገፈገ ነጭ በፈረሱ ኢ5ን ይበላል። ጥቁር ንግሥቷን ከበላ የምታውቁት ማት ይመጣል። በሲ6 ፈረሱ ኢ5ን ቢበላ ደግሞ ነጭ በንግሥቱ ኤች5 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይበላል፣ እዚያ ዘብ የለውምና። ጥቁር ሲ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ በፈረሱ ይበላል፣ ነጭ ንግሥቱን ቢ5 አምጥቶ ቼክ ይላል፣ ቀጥሎ ፈረሱን ይለቅመዋል። ሲቆጠር ነጭ አንድ ወታደር አተረፈ።

አያችሁ? ቢሾፑ ጂ4 ላይ ሲሆንና ኤች5 ላይ ሲሆን ልዩነቱ አንድ ቤት ነው። ያ አንድ ቤት ግን የኢ5 ፈረስ ይጠብቀዋል ወይስ አይጠብቀውም የሚለውን ይወስናል። አንድ ጎበዝ ተማሪ አለችን፣ እርምጃ ሳትሸመድድ «ጋሼ፣ ቢሾፑን ማን ያየዋል?» እያለች የምትጠይቅ። ከዚህ በላይ የማስተምራት ነገር አልነበረኝም።

ጥቁር ስሆን እንዴት ልጠንቀቅ?

ፈረሶቻችሁን ቀድማችሁ አውጡ። ቢሾፕ ጂ4 ለመሄድ አትቸኩሉ። ኤች3 ሲመጣባችሁ ፈረሱን ብሉና ተገላገሉ፣ ኤች5 ላይ መንጠልጠል ግዴታ አይደለም። ተጋጣሚያችሁ ንግሥቱን በነፃ ከሰጣችሁ ደግሞ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉና «ቀጥሎ ቼክ አለው ወይ?» ብላችሁ እዩ።

ከ«አራት እርምጃ ማት» ጋር አንድ ነው እንዴ?

አይደለም። ሁለቱም ኤፍ7 ላይ ነው የሚመጡት፣ እዚያ ያለውን ወታደር የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ስለሆነ። ግን አራት እርምጃው ንግሥትን ቀድሞ ያስወጣል፣ ጥቁር ካወቀው ንግሥቷ ስትባረር ትውላለች። ሌጋል ንግሥቱን ከቦታዋ ሳያንቀሳቅስ ነው የጨረሰው።

ጀርመኖች ሌላ ስም አላቸው ይባላል፣ ለምን?

በጀርመንኛ የባሕር ኃይል ካዴት ማት የሚል ስም አለው። በ1876 ቪየና ላይ የታየ የሪሻርድ ጌኔ ኦፔሬታ (ቀለል ያለ የዘፈን ቴአትር) ነበር፣ ርዕሱ የባሕር ኃይል ካዴቱ የሚል። እዚያ መድረክ ላይ ሰዎች እንደ ቼስ ዕቃ ሆነው ይሄንኑ ጨዋታ ያሳያሉ። ስሙ ከዚያ ቀረ።

የእኛ የድሮ ሰንጠረዥ ላይ እንዲህ ዓይነት ወጥመድ ነበረ?

ይሄንን የጠየቁኝ አንድ የአንኮበር አዛውንት ናቸው፣ ጥያቄውም በጣም ደስ ይለኛል። አጭሩ መልስ፦ እንደዚህ ዓይነት አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም።

ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል የውጤት መደርደሪያ ነው የሚታየን፣ ኮምፒውተር ላይ የምንሞላው። ድሮ ግን የጨዋታ ስም ነበር፣ ከፋርስና ከዓረብ ሻጥራንጅ የመጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የሄደው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ከሹሞቻቸው ጋር ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ሕጉንና ታሪኩን ሰብስበው አሳትመዋል።

የኛን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። አንዱ የሌላውን ሳይጠብቅ የፈለገውን ያህል እያንቀሳቀሰ ሠራዊቱን ያሰልፋል፣ እያንዳንዱ የሌላውን እጅ በዓይኑ እየተከተለ። የመጀመሪያው ዕቃ እስኪበላ ድረስ እንደዚህ ይቀጥላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። አስቡት፤ «አራተኛው እርምጃ ላይ ጂ6 ከገፋ» የሚባል ነገር የለም፣ አራተኛ እርምጃ የሚባል ነገር ራሱ ስለሌለ። ሸምድዶ የሚመጣበት በር የለም ማለት ነው። የሚያዋጣው ዓይን ነው።

ሌላም አለ። በሰንጠረዥ ንግሥት የለችም። በእሷ ቦታ ያለው ፈርዝ ነው፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ። ንግሥት የዛሬውን ጉልበት ያገኘችው አውሮፓ ውስጥ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ፈርዝን አስበልቶ ማት ማድረግ ማንንም አያስደንቅም፣ የሌጋል ድንቅነት የሚመጣው ከሰጠው ነገር ትልቅነት ነው።

አዛውንቱን በጣም ያስገረማቸው ግን ይሄ ነው። በድሮው ሰንጠረዥ በምን ዕቃ ማት እንዳደረግህ ይቆጠራል። በፈረስ ወይም በደር (ያሁኑ ሩክ) ማት ማድረግ ብዙ አያስመሰግንም ነበር፣ ክብሩ በደካሞቹ ዕቃዎች ሲጨረስ ነው። ሌጋል ደግሞ የጨረሰው በፈረስ ነው። «እኛ ጋ ቢሆን አያጨበጭቡለትም ነበራ» አሉኝ። እኔ ግን ቢያጨበጭቡለት ደስ ይለኛል፣ ያ ፈረስ ብቻውን አይደለም የጨረሰው፤ ጓደኛው ኢ5 ላይ ሆኖ ሁለት ቤት ይዞለታል።

ቦርድም ጓደኛም የለኝም፣ እንዴት ልለማመድ?

ስልክ ካላችሁ ሊቼስ የሚባለው ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ኔትወርክ በማይረባበት ቦታ ካላችሁ ካርቶን ላይ ስምንት በስምንት መስመር አስምሩና ቆርኪ ላይ የዕቃዎቹን ስም ጻፉ። ዳማ የምትጫወቱበት ቆርኪ ይበቃል።

ከዚያ እስከ 4ኛው እርምጃ ደርድሩ። የጥቁርን ጂ6 መልሱና በምትኩ ኤች6 ግፉለት፣ ወጥመዱን እስከ መጨረሻው አስኬዱት። ቀጥሎ ኤ6 አድርጉት። ቀጥሎ ሲ6 አድርጉት። ሦስቱም ላይ ጥቁር ንግሥቷን ይብላ። በሁለቱ ማት ይሆናል። በአንዱ አይሆንም፤ የትኛው እንደሆነና ዲ5ን ማን እንደሚያየው ጣታችሁን ቦርዱ ላይ አድርጋችሁ ፈልጉ።